ልጓሙን ልቀቂላት

ትናንት ማታ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከኋላሽ ሳይሽ ነበር። እማዬ ተኝታለች። አንቺ ጋቢ ደርበሽ በርጩማው ላይ ተቀምጠሻል። ከእግርሽ ስር ሁለት ጡብ እንደ ፔዳል አስቀምጠሽ፣ በግራ እጅሽ ማማሰያ እንደ መሪ ይዘሽ፣ ቀኝ እጅሽን እንደ ጋዝ መስጫ የረከቦቱ ጠርዝ ላይ አሳርፈሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትበሪያለሽ። በደብረ ብርሃን ብርድ ትንፋሽሽ ሲጨስ ይታየኛል። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፤ «ጋዝ ቀነስኩ፣ ከፍታ ያዝኩ፣ ፍጥነት እየወረደ ነው፣ ጥሩንባው ጮኸ» ትያለሽ። ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ስቶል!» አልሽ።

ልቤ ድንግጥ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማማሰያው መጀመሪያ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ሆድሽ ተሳበ፤ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። እግሮችሽ ጡቡ ላይ እንደተተከሉ ቀሩ። ከዚያ የተማርሽው ትዝ አለሽና ማማሰያውን ወደፊት ገፋሽው። ሁሉም አንድ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ዓይንሽ ስለተጨፈነ አንቺ አላየሽውም። እኔ ግን አየሁት። አጠገቤ ተቀምጠው በሚማሩ ስንት ልጆች ላይ አይቼዋለሁ፤ በራሴም እጅ ላይ አይቼዋለሁ። ሰኞ የመጀመሪያውን የስቶል በረራሽን ስለምትጀምሪ ሳልነግርሽ አልሸኝሽም።

ትምህርቱን እንደምታውቂው አውቃለሁ። የፈተና ውጤትሽን ለጎረቤት ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። አሁን የምነግርሽ ግን ለጭንቅላትሽ ሳይሆን ለእጅሽና ለእግርሽ ነው።

የአባባን ዳማ በቅሎ ታስታውሺያታለሽ? አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ ምናልባት ጆሮዋን ብቻ ይሆናል የምታስታውሺው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት በክረምት እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አንድ ቀን እኔ ተቀምጬባት የፊት እግሯ ተንሸራተተ። ደንግጬ ልጓሙን በሁለት እጄ ወደ ደረቴ ሳብኩት። ራሷ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ መሬቱን ማየት ተሳናት፤ የባሰ መንሸራተት ጀመረች። አባባ ከኋላ «ልቀቂላት! ልጓሙን ልቀቂላት!» ብሎ ጮኸ። ስለቅላት አንገቷን ወደ ታች ዘረጋች፣ እግሯን ሰበሰበች፣ ቆመች። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን፣ ስትንሸራተት የሚያድናት የራሷ አንገት እንጂ የእኔ ክንድ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ገደሉ ከፊቴ እያለ ወደ ገደሉ አንገቷን እንድትዘረጋ መፍቀድ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እስካሁን በመዳፌ ውስጥ አለ። ስቶል ላይ የሚጠበቅብሽ ነገር ይኸው ነው፤ መሬት እየቀረበ መስሎሽ እጅሽን ወደ መሬት መላክ።

ብዙ ሰው ስቶል የሚለውን ቃል ከመኪና ጋር አያይዞ ሞተር መጥፋት ይመስለዋል። እማዬ «ሞተሩን እያጠፉባችሁ ነው የሚያስተምሯችሁ?» ብላ ስትጨነቅ ሰምቻታለሁ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሥራውን ያቆመው ክንፉ ነው። ወደ አንኮበር ስንሄድ ከሚኒባሱ መስኮት እጅሽን አውጥተሽ መዳፍሽን ትንሽ ቀና ስታደርጊው ንፋሱ ያነሳዋል፤ አብዝተሽ ስታቀኚው ግን ማንሳቱን ይተውና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክንፍም እንዲሁ ነው። የሚመጣበትን ንፋስ የሚገጥምበት አንግል በጨመረ ቁጥር ማንሳቱም ይጨምራል፣ እስከ አንድ ወሰን ድረስ። ወሰኑ በአብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። እሱን ካለፍሽ የክንፉን ጀርባ ይዞ ይፈስ የነበረው አየር ይላቀቃል፣ ይታመሳል፣ ሄዶ ጅራቱን ይመታል። መሪው በእጅሽ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው።

ወሰኑ አንግል እንጂ ፍጥነት እንዳልሆነ አደራ ልብ በይ። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው የስቶል ፍጥነት ለቀጥታ በረራና ለተወሰነ ክብደት የተሰጠ ቁጥር ነው። ከፍታሽን ሳትለቂ 60 ዲግሪ አጋድመሽ ስትዞሪ ክንፉ የአውሮፕላኗን ክብደት ሁለት እጥፍ ይሸከማል፤ በ50 ኖት ስቶል ታደርግ የነበረችው በ71 ታደርጋለች። አፍንጫዋ ወደ መሬት እያየ፣ ፍጥነቷም ከበቂ በላይ ሆኖ፣ መሪውን በኃይል ከሳብሽው ስቶል ታደርጋለች። ስለዚህ በእጅሽ የያዝሽው መሪ ከፍታ መጨመሪያ አይደለም፤ አንግል መወሰኛ ነው። ክንፉ ያቆመው አንቺ ስለሳብሽ ከሆነ መጀመሪያ መልቀቅ ነው። ጋዝም፣ ፔዳልም፣ ሬዲዮም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

«ምን ያህል ልግፋ?» ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። የስቶል ማስጠንቀቂያው ጥሩንባ ዝም እስኪልና መሪው እንደገና እስኪከብድሽ ድረስ ነው። ሴስና 172 ላይ ብዙ ጊዜ የያዝሽውን ስበት መልቀቅና አፍንጫውን ከአድማስ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ፈርተሽ ባንዴ እስከ መጨረሻው ከገፋሽው ከወንበርሽ ትነሻለሽ፣ ማስታወሻ ደብተርሽ ጣራ ይመታል፣ ከፍታሽም በከንቱ ይባክናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። መሬቱ መስታወቱን ሲሞላው ትደነግጪና ክንፉ ገና ሳያገግም መልሰሽ ትስቢያለሽ፤ ሁለተኛው ስቶል ከመጀመሪያው የከፋ ሆኖ ይመጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይገባሻል። ግፊ፣ ትንሽ ታገሺ፣ ፍጥነቱ ሲመጣ በቀስታ መልሽ።

አሁን ወደዚያ ወደ ቀኝ ወደተጠመዘዘው ማማሰያ ልመለስ። ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሁለቱ ክንፎች እኩል ስቶል የሚያደርጉት አልፎ አልፎ ነው። አንዱ ይቀድማል፤ የቀደመው ይወድቃል። የግራው ወደቀ እንበል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰውነትሽ የሚያውቀው፣ በበረራም እስካሁን የተማርሽው፣ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ወደ ቀኝ ስታዞሪው የግራ ክንፍ ጫፍ ላይ ያለው ኤይለሮን ወደ ታች ይወርዳል። በጤናማ በረራ ይህ ክንፉን ያነሳዋል። ስቶል ባደረገ ክንፍ ላይ ግን ኤይለሮኑ ሲወርድ አንግሉን የባሰ ይጨምርበታል። ቀድሞውንም በአንግል ብዛት የታመመውን ክንፍ ተጨማሪ አንግል ታሸክሚዋለሽ ማለት ነው። ከዚያም አልፎ የአየሩ መጎተት በዚያ በኩል ስለሚበዛ አፍንጫውን ወደ ግራ ይስበዋል። ክንፉ ሊነሳ ሲገባው ይጠልቃል፣ አፍንጫው ይከተለዋል፣ አውሮፕላኗ መሽከርከር ትጀምራለች።

እኔ ሰልጣኝ ሳለሁ የሆነውን ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ጋዝ እንደተሰጠ አፍንጫ ቀና አድርጎ የሚደረገውን ስቶል ስለማመድ የግራ ክንፌ ወደቀ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። አልሰማም አለኝ። ጨርሼ አዞርኩት። ቀጥሎ ያየሁት የታረሰ ማሳ ነው፤ ቡናማና ቢጫ፣ እንደ ሰፌድ እየዞረ። አሰልጣኜ «እኔ ይዣለሁ» አለ። እጁን ተመለከትኩ፤ ምንም የተለየ ጉልበት የለበትም። ጋዙን ወደ ኋላ መለሰ፣ መሪውን መሃል ላይ አቆመ፣ የቀኝ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጠ፣ መሪውን ወደፊት ለቀቀ። ሽክርክሩ ሲቆም ፔዳሉን አስተካከለና አፍንጫውን ቀስ አድርጎ አነሳው። ከ900 ጫማ በላይ ወርደን ነበር። ካረፍን በኋላ አልተቆጣኝም። ክንፉ ሲወድቅ እግሬ የት እንደነበረ ብቻ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ እግርሽን አስተምሪው። ክንፍ ሲወድቅ መጀመሪያ መሪውን ወደፊት ትለቂያለሽ፤ እዚያው ላይ፣ አፍንጫው ወደወደቀው ክንፍ እንዳይዞር በተቃራኒው ፔዳል ትይዢዋለሽ። የፔዳሉ ሥራ አፍንጫውን ማስቆም ነው፤ የወደቀውን ክንፍ በእርግጫ ለማንሳት አይደለም። ክንፉ መብረር ሲጀምር ኤይለሮኑ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ያኔ ክንፎችሽን ታስተካክያለሽ። በመለኪያ ሰዓቶቹ መካከል ያለችውን ትንሿን ኳስ ሁልጊዜ ተመልከቻት። ኳሷ መሃል ላይ እያለች ስቶል ካደረግሽ አውሮፕላኗ በአብዛኛው ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ኳሷ ወደ ጎን ከሸሸች ግን አንዱ ክንፍ ቀድሞ መውደቁ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ይግባሽ፤ አንድ ቀን ትልቁ አውሮፕላን ላይ ስትቀመጪ እግርሽ ፔዳሉን በኃይል መርገጥ እንዳይለምድ። በኅዳር 1994 ዓ.ም ኒው ዮርክ ላይ የአሜሪካን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ300 በሌላ አውሮፕላን የተናወጠ አየር ውስጥ ሲገባ ረዳት አብራሪው ፔዳሉን ግራና ቀኝ ደጋግሞ በኃይል ረገጠ። ቋሚው ጅራት ተገንጥሎ ወደቀ፤ 265 ሰው ሞተ። በትልቅ ጄት ላይ ፔዳል በጣም በጥንቃቄ የሚነካ ነገር ነው።

ወደ ክንፉ ልመለስ። ባለፈው እሑድ አንኮበር ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ማዶ ተቀምጠን ንስሮቹን ስናይ አንድ ነገር ላሳይሽ ፈልጌ ብርዱ አባረረን። ንስር ዓለት ላይ ሊያርፍ ሲል ክንፉን በጣም ያቀናል፤ ያን ጊዜ ከክንፉ መታጠፊያ ላይ እንደ አውራ ጣት ያለች ትንሽ ላባ ብድግ ትላለች። አየሩ ከክንፉ ጀርባ እንዳይላቀቅ የምትይዘው እሷ ናት። ትልልቆቹ ጄቶች በክንፋቸው ፊት ለፊት ሲያርፉ የሚዘረጉት ስላት ያንኑ ሥራ ይሠራል። የአንቺ መለማመጃ አውሮፕላን ያ ላባ የላትም። ያላት በግራ ክንፏ ግንባር ላይ ያለች ቀዳዳና ከኋላዋ ያለች ጥሩንባ ብቻ ናት። አንግሉ ሲበዛ አየሩ በቀዳዳዋ በኩል ይመጠጥና ጥሩንባዋ ታለቅሳለች። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፣ ኮምፒውተር የለባትም። ስትጮህ እጅሽ ወዲያው ይልቀቅ።

ስለ ጋዙ አጭር ነገር ልበልሽ። ትናንት ማታ ቀኝ እጅሽ ረከቦቱን ገና «ስቶል» ሳትዪ ነው የገፋው። ጋዝ ያስፈልጋል፣ ግን ክንፍን ከስቶል የሚያወጣው ጋዝ አይደለም። ጋዝ የሚመልስልሽ ያጣሽውን ከፍታ ነው። በትንሿ አውሮፕላን ላይ አንግሉን ሳትቀንሺ ሙሉ ጋዝ ከሰጠሽ አፍንጫው ወደ ግራ ይጎተታል፤ ሞተራቸው ከክንፍ ስር በተንጠለጠለ ጄቶች ላይ ደግሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በእኔ ጊዜ ከነበሩት አሰልጣኞች አንዳንዶቹ ከፍታ አለማጣትን እንደ ዋና ውጤት ይቆጥሩት ነበር። 100 ጫማ ሳትወርጂ ከወጣሽ ጎበዝ ትባያለሽ። ይህ ልማድ ሰው ገድሏል፤ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሆኖ ተቀምጧል። አንግሉን መቀነስ መጀመሪያ ነው፤ ክንፍ ማስተካከልና ጋዝ ይከተላሉ፤ ከፍታ ቢጠፋ ይጥፋ።

ከፍታ ይጥፋ ለማለት ግን የሚጠፋ ከፍታ ሊኖርሽ ይገባል። ይህን የምልሽ የእኛ አገር ሰማይ ከሌላው ስለሚለይ ነው። የውጭ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ለሚበር ሰው ነው። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ፣ በጫማ ከ9 ሺህ በላይ። የከፍታ መለኪያሽ የሚነግርሽ ከባሕር ወለል ያለሽን ነው። 11 ሺህ ጫማ ሲያሳይሽ ልብሽ ይረጋጋል፤ ከእማዬ ጣራ በላይ ያለሽ ግን ከ2 ሺህ ጫማ ያነሰ ነው። ጥቂት ወደ ምሥራቅ ብትሄጂ መሬቱ በአንኮበር ገደል ወደ ቆላው ይሰበርና ያው 11 ሺህ ሰፊ ሰማይ ይሆንልሻል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ወደ ታች ተመልከቺ፤ ከምን በላይ ነኝ ብለሽ ጠይቂ፤ ከዚያ ነው መለኪያውን የምታነቢው።

ሞተሩም እንደ እኛ ነው፤ ደጋ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። እንግዲህ መጽሐፉ «ሙሉ ጋዝ» ሲልሽ አንቺ የምታገኚው ሙሉውን አይደለም፤ ከስቶል በጋዝ ለመውጣት የምትሞክሪበት ምክንያት የበለጠ ያንሳል ማለት ነው።

ሌላው ዓይንን የሚያታልል ነገር አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው ላይ ያው 65 ኖት እያሳየሽ፣ በእውነት አየሩን የምትቀድጂው ከዚያ በ15 በመቶ ገደማ ፈጥነሽ ነው። ለማረፍ ስትመጪ መሬቱ ከስርሽ ሲሮጥ ታያለሽ። ዓይንሽ «ፈጥነሻል» ይልሻል፣ እጅሽ ሳታዢው መሪውን ይስባል፣ መለኪያው ወደ 55 ይወርዳል። ዓይንሽን አትመኚው። በቀጥታ በረራና በአንድ ክብደት ክንፉ ስቶል የሚያደርገው ቦሌም ላይ ሆነ ምጽዋ ላይ በዚያው በመለኪያው ቁጥር ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ደግሞ የመጨረሻው መታጠፊያ ነው። እኔ በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ከቤዝ ወደ ፋይናል፣ ማኮብኮቢያውን ፊት ለፊት ወደሚያገኘው የማረፊያ መስመር፣ ትታጠፊያለሽ። ንፋሱ ከኋላ ገፍቶሽ ማኮብኮቢያውን እያለፍሽው ነው። አጋድመሽ መዞር ያስፈራሻል፣ መሬቱ ቅርብ ነውና። ስለዚህ በእግርሽ ገፍተሽ አፍንጫውን ወደ ማኮብኮቢያው ታመጪዋለሽ። ክንፉ አብዝቶ ሲጋደም በኤይለሮን ትቃወሚዋለሽ። አፍንጫው ሲወርድ ትስቢዋለሽ። እጅና እግርሽ የሚያደርጓቸው ሦስቱም ነገሮች በየፊናቸው ትክክል ይመስላሉ፤ ሦስቱ ሲደመሩ ግን በ500 ጫማ ላይ የሽክርክር ግብዣ ናቸው። ከዚያ ከፍታ የሚያወጣሽ ዘዴ የለም። ማኮብኮቢያው ካመለጠሽ ይምለጥሽ። ክንፎችሽን አስተካክዪ፣ ጋዝ ስጪ፣ ዞረሽ ተመለሺ። ነዳጅ አለሽ፤ የሚያስቸኩልሽ የለም። ሰልጣኝ ዞሮ ስለተመለሰ የሚቆጣ አሰልጣኝ ካጋጠመሽ ለእኔ ንገሪኝ።

አሁን ደግሞ በምን ምክንያት ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም ሌሊት፣ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የእኛ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 ቦይንግ 737 ከተነሳ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። 90 ሰው ነበረበት፤ የተረፈ የለም። ሌሊቱ ማዕበልና መብረቅ ነበር። የሊባኖስ መርማሪዎች ባወጡት ሪፖርት መሠረት አውሮፕላኑ እየተወላገደ ወደ 9 ሺህ ጫማ ወጣ፣ ስቶልን የሚያስጠነቅቀው የመሪው ማንቀጥቀጫ እየሠራ ስቶል አደረገ፣ ከዚያ እየተጠማዘዘ ወረደ፤ በመሪው ላይ የነበሩት ትእዛዞች እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር ብለዋል። የእኛ አየር መንገድ ይህን መደምደሚያ አልተቀበለም። እኔ በሟቾች ላይ የምፈርድ ሰው አይደለሁም፣ አንቺም አትፍረጂ። ግን በጨለማ፣ አድማስ በሌለበት፣ መሪው በእጅሽ እየተንቀጠቀጠ ምን እንደሚሰማ አስቢው። እጅ የሚያደርገው ያን ዕለት የተማረውን ሳይሆን ለዓመታት የለመደውን ነው።

እጅ እንዴት እንደሚያምፅ የሚያሳዩ ሌሎችም አሉ። የካቲት 2001 ዓ.ም አሜሪካ ቡፋሎ አጠገብ የወደቀው ዳሽ 8 ኪው400 ነበር፣ የእኛ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ የሚጠቀምበት ዓይነት። ማንቀጥቀጫው ሲሠራ ካፒቴኑ ሳበ። አውሮፕላኑ ራሱ መሪውን ወደፊት ሲገፋ፣ ካፒቴኑ እየታገለ መልሶ ሳበው። 50 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ከብራዚል ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 ኤርባስ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑ። ረዳት አብራሪው ስቲኩን ሳበ፤ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እንደሳበ ቆየ። ከ38 ሺህ ጫማ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደቁ፤ 228 ሰው አለቀ። በዚያ በረራ ላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። የተለካው ፍጥነት ከ60 ኖት ሲያንስ ኮምፒውተሩ የአንግሉን መረጃ ስለማያምነው የስቶል ማስጠንቀቂያው ዝም ይላል። አፍንጫውን ዝቅ ሲያደርጉ ፍጥነቱ ይመጣና ማስጠንቀቂያው እንደገና ይጮኻል። ትክክለኛውን ሲያደርጉ ጩኸት፣ ስህተቱን ሲያደርጉ ጸጥታ። ጆሮ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከዚያ ደግሞ የእኛው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም፣ እሑድ ጠዋት። አንቺ ገና ተማሪ ነበርሽ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው የሰማነው። የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ወደ ናይሮቢ ተነስቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰው። ይህ በረራ የስቶልን ትምህርት ከሌላኛው ወገን ያሳየናል። ክንፉ ስቶል አላደረገም። የግራው የአንግል መለኪያ ተበላሽቶ 74.5 ዲግሪ ብሎ ጻፈ፣ የቀኙ በዚያው ቅጽበት 15.3 ይላል። በግራ በኩል ያለው መሪ ከተነሱ ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ኤምካስ የሚሉት ሥርዓት ያንን አንድ የተበላሸ መለኪያ አምኖ፣ ጤናማውን ክንፍ ከስቶል ላድን ብሎ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ በሙሉ ጉልበታቸው ሳቡ፤ ልክ ነበሩ። ኤምካስ አፍንጫውን የሚገፋበትን የኤሌክትሪክ ትሪም በማብሪያዎቹ አጠፉት፤ በእጅ የሚዞረው የትሪም ተሽከርካሪ ግን ከፍጥነቱ የተነሳ አልዞር አላቸው። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ምክንያት የላየን ኤር 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። ከእኛ በኋላ ነው ዓለም ማክስን ያሳረፈው፤ ሥርዓቱም ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽር የተደረገው።

እንግዲህ እኔ «ልቀቂ፣ ግፊ» ስልሽ በጭፍን እንድትገፊ አይደለም። ስቶል ምን እንደሚመስል በአካልሽ እንድታውቂው ነው የምፈልገው። ሰኞ ከአሰልጣኝሽ ጋር ስትወጪ ቀስ ብለሽ ግቢበት፤ አትሽሺው። የንፋሱ ድምፅ እንዴት እንደሚቀንስ ስሚ። መሪው እንደ ላላ ገመድ ሲሆን፣ ብዙ አንቀሳቅሰሽው ትንሽ ሲሠራ፣ በጣትሽ ልብ በይው። ከወንበሩ ስር የሚመጣው መንቀጥቀጥ ከሻካራ አየር መንቀጥቀጥ የሚለየው እንዴት እንደሆነ ያዢው። አፍንጫው የት እንዳለ፣ ጋዝሽ ስንት እንደሆነ እይ። አንድ ቀን በትልቁ አውሮፕላን ውስጥ አንድ መሣሪያ ሲዋሽሽ የምታነጻጽሪው ይህ ሁሉ በሰውነትሽ ውስጥ ሊኖር ይገባል። አሰልጣኝሽ ከእኔ የተለየ ነገር ካለሽ የእሱን ስሚ፤ የአውሮፕላኗ መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ከሁለታችንም ይበልጣል።

በይ አሁን ማማሰያውን አምጪው። ዓይንሽን አትጨፍኚ፣ እጅሽን እያየሽ አድርጊው። እኔ ከኋላሽ ቆሜ ሳልነግርሽ አንዴ የግራ፣ አንዴ የቀኝ ትከሻሽን እነካሻለሁ፤ የነካሁት ክንፍ ወድቋል ማለት ነው። መሪውን ወደፊት ትለቂያለሽ፣ ኤይለሮን አትነኪም፣ ተቃራኒው እግርሽ ጡቡን ይገፋል፣ ከዚያ ረከቦቱ። እጅሽ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ እንደጋግመዋለን፤ እማዬ ብትነቃም ትንቃ።

ሰኞ ካረፍሽ በኋላ ደውይልኝ። ስንት እንዳገኘሽ አልጠይቅሽም። የትኛው ክንፍ እንደወደቀና ያን ጊዜ እግርሽ የት እንደነበረ ብቻ ንገሪኝ።